«ፖለቲካል ሳይንሱን ትቼ ኮምፒውተር ልማር?»

ከባሕር ዳር የጻፍሽልን የፖለቲካል ሳይንስና ዓለም አቀፍ ግንኙነት ተማሪ እህታችን፣ ጥያቄሽ ደርሶናል። መንግሥታት «ይህን የሳይበር ጥቃት ያደረሰው እገሌ የሚባለው አገር ነው» ብለው በአደባባይ ሲያስታውቁ፣ ከመግለጫው በስተጀርባ ያለውን ምርመራ ከሚሠሩት አንዷ መሆን ትፈልጊያለሽ። ኮድ መጻፍ ስለማትችይ ግን የመመረቂያ ዓመትሽን ጥለሽ ኮምፒውተር ሳይንስ እንደገና ልትጀምሪ አስበሻል። አትጣይው፤ የያዝሽውን ጨርሺ።

ባለሙያዎቹ አትሪቢውሽን የሚሉት ይህ ሥራ ሦስት ዓይነት ሰው ይፈልጋል። የቴክኒክ ሰዎች ኮዱንና ሰርቨሩን ይመረምራሉ። ተንታኞች ከጀርባው ማን እንዳለና ምን እንደፈለገ ያጠናሉ። ዲፕሎማቶችና የሕግ ባለሙያዎች ደግሞ መንግሥት ይናገር ወይስ ዝም ይበል፣ ከተናገረስ በምን ቃል የሚለውን ይወስናሉ። በጣም የሚቸግረው የመጀመሪያዎቹ ያገኙትን ለሦስተኛዎቹ ሳያጋንን የሚያስረዳ ሰው ማግኘት ነው። ያንቺ ቦታ እዚያ ነው።

ኖትፔትያ የሚባለውን ማልዌር (ጎጂ ፕሮግራም) እንይ (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ጁን 27 ቀን 2017 ኤም.ኢ.ዶክ ከሚባል የዩክሬን የሂሳብ ሶፍትዌር አፕዴት ጋር ገብቶ በሰዓታት ውስጥ ድንበር ተሻገረ። የመርከብ ኩባንያው ሜርስክ ብቻውን 4,000 ሰርቨሮችንና 45,000 ኮምፒውተሮችን እንደ አዲስ መጫን ነበረበት። ስክሪኑ ላይ «300 ዶላር በቢትኮይን ክፈሉ» የሚል ጽሑፍ ስለሚወጣ የገንዘብ ዘራፊዎች ሥራ ይመስል ነበር። ኮዱን የፈተሹት ሰዎች ግን ለተጠቂው የሚታየው መለያ ቁጥር በዘፈቀደ የሚፈጠር እንደሆነ አገኙ። ከዚያ ቁጥር የመክፈቻ ቁልፍ ማውጣት ስለማይቻል፣ የከፈለም ፋይሉን አያገኝም። የታሰበው ማውደም ነበር ማለት ነው።

ይህን ልብ በይው። አንዲት የቴክኒክ ግኝት ጥያቄውን «ማን ገንዘብ ፈለገ?» ከሚለው «ዩክሬንን መጉዳት የሚጠቅመው ማንን ነው?» ወደሚለው አዞረችው። ሁለተኛውን ጥያቄ ለመመለስ የዩክሬንንና የሩሲያን ታሪክ፣ በመካከላቸው ያለውንም ጦርነት ሁኔታ የሚያውቅ ያስፈልጋል። ያም ሆኖ ብሪታንያና አሜሪካ የሩሲያን ጦር በይፋ ተጠያቂ ያደረጉት ፌብሩዋሪ 15 ቀን 2018፣ ከሰባት ወር ተኩል በኋላ ነው። የሩሲያ ወታደራዊ ስለላ ክፍል 74455 ባልደረቦች የሆኑ ስድስት መኮንኖች በአሜሪካ ፍርድ ቤት በስማቸው መከሰሳቸው የተገለጸው ደግሞ ኦክቶበር 2020 ነው። እንዲህ የሚዘገየው ማስረጃ ስለሌለ ብቻ አይደለም። ማስረጃውን ማውጣት የስለላ ምንጩን ሊያጋልጥ ይችላል፤ አጋር አገሮችን አሳምኖ አብሮ መናገርም ጊዜ ይወስዳል።

ጀማሪ በብዛት የሚሳሳተው «አይፒ አድራሻው (የኮምፒውተሩ የኢንተርኔት መለያ ቁጥር) ከእገሌ አገር ነው» ብሎ ሲደመድም ነው። አጥቂ የሌላ አገር ሰርቨር ይከራያል፣ ይጠልፋልም። ከዚያ የከፋው ሆን ተብሎ የሚተው ሐሰተኛ አሻራ ነው። በፌብሩዋሪ 2018 የፒዮንግቻንግ የክረምት ኦሊምፒክ መክፈቻ ዕለት ኔትወርኩን ያጠቃው ማልዌር ውስጥ ሪች ሄደር የሚባል ክፍል ነበረ፤ ፕሮግራሙ በምን የፕሮግራም መሥሪያ ሶፍትዌር እንደተሠራ ይመዘግባል። ያ መዝገብ ላዛረስ ከሚባለው የሰሜን ኮሪያ ቡድን ጋር አንድ ሆኖ ተገኘ። የሳይበር ደህንነት ኩባንያው የካስፐርስኪ ተመራማሪዎች ቀሪውን ኮድ ሲያዩ ግን ፕሮግራሙ መዝገቡ ከሚለው በኋላ በወጣ መሣሪያ የተሠራ ሆኖ አገኙት። መዝገቡ ከሌላ ተቀድቶ የተለጠፈ ነበር። ከላይ ያልኳቸው መኮንኖች ክስ ይህንንም ጥቃት ይጨምራል። ስለዚህ ለምታገኚው ፍንጭ ሁሉ «ይህን አስመስሎ ማስቀመጥ ምን ያህል ይከብዳል?» ብለሽ ጠይቂ።

ሁለተኛው ስሕተት ቡድንንና መንግሥትን መደባለቅ ነው። የእኛው የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር (ኢመደአ) በጁን 2020 ከሽፏል ስላለው ጥቃት ባወጣው መግለጫ መቀመጫቸውን ግብፅ ያደረጉ ቡድኖችን ጠቅሷል፤ ከነሱም አንዱ ሳይበር ሆረስ ግሩፕ ነው። «ግብፅ ያለ ቡድን» እና «የግብፅ መንግሥት» መካከል ብዙ ርቀት አለ። በዓለም አቀፍ ሕግ መንግሥት ሠራተኛው ላልሆነ ቡድን ድርጊት የሚጠየቀው በጥቅሉ ያዘዘው፣ የመራው ወይም የተቆጣጠረው መሆኑ ሲታይ ነው። አለመወንጀልም ራሱን የቻለ ፖለቲካዊ አቋም መሆኑን እወቂ። በጃንዋሪ 2018 ለ ሞንድ ጋዜጣ አዲስ አበባ ካለው የአፍሪካ ኅብረት ሕንፃ መረጃ በየሌሊቱ ወደ ሻንጋይ ይላክ ነበር ብሎ ሲዘግብ፣ ቻይና አስተባበለች፤ የያኔው የኅብረቱ ኮሚሽን ሊቀመንበር ሙሳ ፋኪም ውንጀላውን አልተቀበሉትም።

አሁን ወደ ሥራሽ። የኔትወርክ መሠረታዊ ትምህርት ለሦስት ወር ያዢ፤ አይፒ፣ ዲኤንኤስ፣ ቪፒኤንና የሎግ ፋይል (ኮምፒውተር የሠራውን የሚመዘግብበት) ምን እንደሆኑ አውቀሽ ለሌላ ሰው ማስረዳት እስክትችይ ድረስ። ቀጥሎ ማይትር አታክ የሚባለውን የጥቃት ስልቶች መዝገብ ተለማመጂ፤ ነፃ ነው። የቡድን ስሞች ሠንጠረዥም አዘጋጂ፣ ምክንያቱም አንዱ ቡድን በየኩባንያው ሌላ ስም አለው። ሳንድዎርም የሚባለው የሩሲያ ቡድን ማንዲያንት ጋ ኤፒቲ44፣ ማይክሮሶፍት ጋ ሲሼል ብሊዛርድ ነው። ይህን ያላወቀ አንዱን ቡድን ሦስት አድርጎ ይጽፋል።

ከሁሉም በላይ የምመክርሽ መልመጃ ግን ይህ ነው። ጁላይ 19 ቀን 2021 ማይክሮሶፍት ኤክስቼንጅ በሚባለው የኢሜይል ሰርቨር ሶፍትዌር ላይ ስለደረሰው ጥቃት የወጡትን ሦስት መግለጫዎች ጎን ለጎን አንብቢ። አሜሪካ ከቻይና የመንግሥት ደህንነት ሚኒስቴር ጋር ግንኙነት ያላቸው አጥቂዎች እንደሆኑ በከፍተኛ እርግጠኝነት አለች። የአውሮፓ ኅብረት ከቻይና ግዛት የተነሡ ድርጊቶች አላቸው። ኔቶ ደግሞ አባል አገሮች ያወጡትን መግለጫ እንደተገነዘበ ብቻ ተናገረ። ቀኑና ጉዳዩ አንድ ሆኖ የክሱ ክብደት ሦስት ዓይነት ነው። እያንዳንዱ ቃል ለምን እንደተመረጠ፣ ማን ሳይስማማ ቀርቶ ሊሆን እንደሚችል በአንድ ገጽ ጻፊ። ከዚያ የኦክቶበር 2020ውን የክስ ሰነድ አንብበሽ የትኛው ዓረፍተ ነገር በምን ዓይነት ማስረጃ ሊመጣ እንደሚችል በኅዳጉ ላይ አስፍሪ። «ከፍተኛ እርግጠኝነት» ማለት የማስረጃው ምንጭ ጠንካራና ብዙ ነው ማለት እንጂ ተረጋግጧል ማለት እንዳልሆነም አትርሺ።

ስለ ሥራ ቦታ፣ አገር ውስጥ ኢመደአን፣ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርን፣ የአፍሪካ ኅብረትንና የትልልቅ ባንኮችን የሳይበር ደህንነት ክፍሎች ተከታተይ። ባንክ ውስጥ «የትኛው መንግሥት ነው?» ብሎ የሚጠይቅሽ ጥቂት ነው፤ ሎግ ማንበብና ሪፖርት መጻፍ ግን እዚያ ይለመዳል። ቨርጂኒያ ካሉት አክስትሽ ጋ ስለመሄድ ለጠየቅሽው፣ የአሜሪካ የስለላ ተቋማት ዜግነትና ሴኪዩሪቲ ክሊራንስ (ምስጢር ለማየት የሚሰጥ ፈቃድ) ይጠይቃሉ፤ ስለዚህ ለጀማሪ ስደተኛ በሩ ዝግ ነው። የግል የሳይበር ደህንነት ኩባንያዎችና የኢንሹራንስ ድርጅቶች ግን አሉ። የለንደኑ የሎይድስ የኢንሹራንስ ገበያ ከማርች 31 ቀን 2023 ጀምሮ በሚሸጡ ወይም በሚታደሱ የሳይበር ኢንሹራንስ ውሎች ላይ በመንግሥት የተደገፉ ጥቃቶች የሚገለሉበት አንቀጽ እንዲገባ ጠይቋል። ካሳ ይከፈል አይከፈል የሚለው እንግዲህ ጥቃቱ የማን ነው በሚለው ላይ ሊንጠለጠል ነው፤ አማርኛና እንግሊዝኛ የምታነብ ተንታኝ ደግሞ ስለ አፍሪካ ቀንድ ስትጽፍ ተፈላጊ ናት።

ማመልከቻ ስታስገቢ ከሲቪሽ ጋር ከጻፍሻቸው ገጾች ሁለቱን አያይዢ፤ በእያንዳንዱ መጨረሻ ላይ ድምዳሜሽን የሚያፈርስ ምን ዓይነት ማስረጃ እንደሆነ በሁለት መስመር ግለጪ። ቀጣሪዎች መጀመሪያ የሚያዩት እሱን ነው።