የማስረዳት ሸክም በማን ላይ ይውደቅ? ከቀድሞ ወታደሮች ጋር ለምትሠሩ ወጣቶች

የተከበራችሁ ወጣቶች፣

በአሜሪካ የምትኖሩ ብዙ የአገሬ ልጆች በነርስነት፣ በማኅበራዊ አገልግሎትና በሕግ ሙያ የቀድሞ ወታደሮችን እንደምታገለግሉ አውቃለሁ፤ ራሳችሁ የደንብ ልብስ የለበሳችሁም አላችሁ። እኔ ጡረታ የወጣሁት የእነዚህን ወታደሮች የካሳ ማመልከቻ ከማዘጋጀት ሥራ ስለሆነ፣ ምክሬም ከዚያው አይርቅም። በቬትናም ጦርነት ለመርዛማ ፀረ አረም የተጋለጡ ወታደሮች ካሳ ለማግኘት የሄዱበትን መንገድ ያላወቀ ባለሙያ፣ ፊቱ የተቀመጠው አመልካች ስለ ምን እንደተቆጣ አይገባውም።

የአሜሪካ አየር ኃይል እ.ኤ.አ. ከ1962 እስከ 1971 ከ70 ሚሊዮን ሊትር በላይ ፀረ አረም በደንና በማሳ ላይ ረጭቷል፤ ዓላማው የጠላት ተዋጊዎች የሚሸሸጉበትን ቅጠል ማርገፍና የሚበሉትን ሰብል ማጥፋት ነበር። ከተረጨው ውስጥ ትልቁን ድርሻ የያዘው፣ በርሜሉ ላይ በተቀባው ብርቱካናማ መስመር ምክንያት ኤጀንት ኦሬንጅ የተባለው ነው። ድብልቁ ሁለት ኬሚካሎችን እኩል የያዘ ሲሆን፣ አንደኛው የእኛ አገር ገበሬ በጤፍና በስንዴ ማሳ ላይ የሚረጨው ቱ ፎር ዲ ነው። ዲዮክሲን የተባለው ዋናው መርዝ ግን የመጣው ከሁለተኛው፣ ከቱ ፎር ፋይቭ ቲ፣ ሲሆን እሱም ኬሚካሉ በፋብሪካ ሲመረት አብሮ የሚፈጠር ነው። (ይህን ስል ቱ ፎር ዲ ያለ ጓንት ይነካ ማለቴ አይደለም።)

ችግሩ ያለው ጊዜው ላይ ነው። በ20 ዓመቱ የተረጨበት ሰው የሚታመመው ምናልባት በ50 ዓመቱ ነው፤ ያን ጊዜ በቆዳውና በሳንባው ስንት መርዝ እንደገባ የለካም የመዘገበም የለም። የተለመደው የካሳ ሕግ ደግሞ ጉዳቱ ከአገልግሎቱ የመጣ መሆኑን አመልካቹ ራሱ እንዲያስረዳ ይጠይቃል። መንግሥት ለረጅም ጊዜ ከኬሚካሉ ጋር ያያያዘው በሽታ ክሎርአክኒ የተባለውን የቆዳ ሕመም ብቻ ስለነበር፣ ካንሰር ይዟቸው የመጡት ሰዎች ባዶ እጃቸውን ይመለሱ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1977 በቺካጎ የቀድሞ ወታደሮች መሥሪያ ቤት የካሳ ጉዳይ ሠራተኛ ለነበሩት ለሞድ ዴቪክተር፣ ባለቤቷ በካንሰር የታመመባት ሴት ደውላ ባሏ ሕመሙ ከኬሚካሉ እንደመጣ እንደሚያምን ነገረቻቸው። ዴቪክተር ነገሩን በዚያው አላለፉትም፤ ወደ ቢሯቸው የሚመጡትን ሌሎች ወታደሮች የት እንደነበሩና ምን እንዳመማቸው እየጠየቁ መዝግበው ያዙ። በሚቀጥለው ዓመት የቺካጎ ቴሌቪዥን ጉዳዩን ለሕዝብ አቀረበው። ሐኪምም ተመራማሪም ያልሆነ ሰው ሥራውን በትኩረት ስለሠራ ብቻ የብዙ ሺህ ሰው ጉዳይ መንገድ እንዳገኘ ሳስብ፣ ከእናንተ ውስጥ ስልክ አንሺ ሆኖ የተቀጠረውን ወጣት ሥራዬ ትንሽ ነው ሲል መስማት አልፈልግም።

ቀጥሎ የመጣው የፍርድ ቤት ክስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 ሰባት የኬሚካል ኩባንያዎች ጥፋተኛነታቸውን ሳያምኑ በ180 ሚሊዮን ዶላር ታረቁ፤ ገንዘቡ ሲከፋፈል የአንድ ሰው አማካይ ድርሻ 3,800 ዶላር ገደማ ነበር። ቬትናማውያን ተጎጂዎች በዚያው በአሜሪካ ፍርድ ቤት ያቀረቡት ክስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2005 ውድቅ ሆኗል። መርዙ ያረፈው ከሁሉ በፊት በእነሱ መሬትና ልጆች ላይ ሆኖ ሳለ ይህ መሆኑ እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ አይወጣም፤ የእኛ ሙያ የሚዳኘው ግማሹን ብቻ እንደሆነ ሳትዘነጉ ሥሩ።

ትክክለኛው መፍትሔ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1991 ኮንግረስ ባወጣው የኤጀንት ኦሬንጅ ሕግ ነው። ሕጉ የማስረዳት ሸክሙን ከታማሚው ትከሻ አንሥቶ በሕግ ግምት ተካው፦ በጦርነቱ ዘመን ቬትናም ውስጥ ያገለገለ ሰው ለኬሚካሉ ተጋልጧል ተብሎ ይገመታል፤ በሽታው በዝርዝሩ ውስጥ ካለ ደግሞ የመጣው ከዚያ እንደሆነ ይቆጠራል። ዝርዝሩም የብሔራዊ ሳይንስ አካዳሚ በየጊዜው በሚያደርገው ግምገማ እየታየ የሚያድግ ሆነ። በሜኮንግ ዴልታ ወንዞች ዳር እንዲረጭ ያዘዙት አድሚራል ኤልሞ ዙምዋልት፣ እዚያው የጀልባ አዛዥ የነበረውን ልጃቸውን እ.ኤ.አ. በ1988 በካንሰር ካጡ በኋላ፣ ትእዛዛቸው የብዙ መርከበኞችን ሕይወት እንዳተረፈ ማመናቸውን ሳይተዉ ሕመሞቹ እንዲታወቁ መሟገታቸውን ልብ በሉ።

ነገር ግን ግምቱም ቢሆን «እዚያ ነበርክ ወይ?» የሚለውን ጥያቄ አያስቀርም። የቀድሞ ወታደሮች መሥሪያ ቤቱ እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ የወታደሩ እግር የቬትናምን ምድር መርገጥ አለበት ሲል፣ በባሕር ላይ ያገለገሉ መርከበኞች ከግምቱ ውጭ ሆኑ። ከባሕሩ ጠረፍ 12 የባሕር ማይል ድረስ የነበሩት የተካተቱት እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣ ሕግ ነው። ስለዚህ የመርከብ መዝገብ ማንበብን ተማሩ፤ መርከቧ በየትኛው ቀን የት እንደነበረች የሚናገረው እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ፓክት አክት ደግሞ የደም ግፊትን ጨምሮ አዳዲስ ሕመሞችን፣ ታይላንድን፣ ላኦስን፣ ካምቦዲያንና ጉዋምን የመሳሰሉ ቦታዎችን ጨመረ። ይኸው ሕግ በኢራቅና በአፍጋኒስታን ቆሻሻ ከተቃጠለባቸው ጉድጓዶች የወጣውን ጭስ የተነፈሱትንም ይመለከታል፤ ከእናንተ ውስጥ ወታደር የሆናችሁ ከአገልግሎት ስትወጡ የመሰናበቻ ወረቀታችሁንና የሕክምና መዝገባችሁን ግልባጭ በእጃችሁ ያዙ። ሕመሙ ሲመጣ ጓደኞቻችሁ ይበተናሉ፣ አዛዦቻችሁም ያረጃሉ።

በቢሮ ለምትሠሩት የምለው አንድ ነገር ይቀረኛል። ደንበኛችሁ ቀድሞ ተከልክሎ ከሆነ የክልከላውን ደብዳቤ እንዲጥለው አትፍቀዱ። የቀድሞ ወታደሮች መሥሪያ ቤቱን ከስሰው እ.ኤ.አ. በ1986 በጀመሩት፣ የኔመር ክስ በተባለው ጉዳይ ምክንያት፣ በቬትናም ካገለገሉት ውስጥ እ.ኤ.አ. ከመስከረም 25 ቀን 1985 ወዲህ ተከልክሎ፣ ሕመሙ ከኬሚካሉ ጋር ተያይዞ በኋላ በዝርዝሩ ውስጥ የገባለት ሰው፣ ካሳው ቀድሞ ወዳመለከተበት ቀን ወደ ኋላ ሊታሰብለት ይችላል። የልብ ሕመምና ፓርኪንሰን እ.ኤ.አ. በ2010 ሲጨመሩ በዚህ መንገድ የብዙ ዓመት ክፍያ በአንድ ጊዜ የደረሳቸው ነበሩ። ባልዋ የሞተባት ሴት ስትመጣም ከሞት የምስክር ወረቀቱ ላይ የተጻፈውን የሞት ምክንያት ከዝርዝሩ ጋር አስተያዩ፤ ባልየው በሕይወቱ ጠይቆ የተከለከለበት ደብዳቤ በቤቷ ውስጥ ይኖር እንደሆነም ከመጠየቅ አትቆጠቡ።