ሪሎድ አሮጌውን ኮድ አያጠፋልህም

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን ሳነብ የራሴን ታሪክ ያነበብኩ ነው የመሰለኝ። ቀን ከሌት የሚሠራ የፓይተን ፕሮግራም አለህ። ፕለጊኖቹን፣ ማለትም ተጨማሪ ሥራ የሚሰጡትን ትንንሽ የኮድ ፋይሎች፣ ከአንድ ፎልደር እያነሳ ይጭናል። አንዱን ፋይል አስተካክለህ እንደገና ኢምፖርት ስታደርገው ግን የሚሠራው የድሮው ኮድ ነው። «ሪሎድ ልጠቀም ወይስ ሌላ መንገድ አለ?» ብለሃል። እኔ ሪሎድን፣ ፕሮግራሙ ሳይቆም የተጫነን ኮድ እንደገና የሚጭነውን ትእዛዝ፣ ተጠቅሜ ዋጋዬን አግኝቻለሁ። አንተ እንዳይደርስብህ ያየሁትን ልንገርህ።

1. አሮጌው ለምን እንደሚመጣ ሳታውቅ አትቀርም። ፓይተን አንድን ሞጁል፣ ማለትም አንድን የኮድ ፋይል፣ አንዴ ከጫነው ሲስ ዶት ሞጁልስ በሚባለው ዲክሽነሪ ውስጥ በስሙ ያስቀምጠዋል። ሁለተኛ ስትጠራው ፋይሉን ዞር ብሎም አያየው፤ ከዚያው አንስቶ ይሰጥሃል። ኢንተርኔት ላይ ኢምፕ የሚባለውን ሞጁል ተጠቀም የሚሉ የቆዩ መልሶች ካጋጠሙህ እለፋቸው። ከፓይተን 3.12 ጀምሮ ጭራሽ የለም። አሁን ሥራው ሁሉ ከፓይተን ጋር አብሮ በሚመጣው በኢምፖርትሊብ ነው።

2. ሪሎድ። ሪሎድ ፋይሉን እንደ አዲስ ያነብና ኮዱን በዚያው በድሮው ሞጁል ላይ ደርቦ ያስኬደዋል። በቃ። ከፋይሉ ያጠፋኸው ፈንክሽን አይጠፋም፤ እዚያው ይቆያል። ሌላ ፋይል ላይ «ፍሮም እገሌ ኢምፖርት እገሌ» ብለህ የወሰድከው ስም ደግሞ አሮጌውን እንደያዘ ይቀጥላል። ይህ ሁሉ ዶክመንቴሽኑ ላይ ተጽፏል። አንብቤው ነበር፤ ግን እኔ ላይ ይደርሳል ብዬ አላሰብኩም።

ያኔ የምሠራበት ድርጅት ውስጥ ሰርቨሮቹን የሚያስተዳድር ክፍል ነበር። አንድ ፕሮግራም ሪስታርት ለማድረግ ቅጽ ትሞላለህ፣ ታስፈርማለህ፣ ከዚያ ተራህን ትጠብቃለህ። አንድ ፕለጊን ላይ የሂሳብ ስህተት አግኝቼ ቢሮአቸው ሄድኩ። ስህተቱ በየሰዓቱ የተሳሳተ ቁጥር እያወጣ መሆኑን አስረዳሁ። ሰውየው ከስክሪኑ ቀና ሳይል «ኮድህ ጥሩ ቢሆን ሪስታርት ባላስፈለገህ» አለኝ። ወንበር እንኳ አላሳየኝም። ዛሬም ሳስታውሰው ይከነክነኛል።

እልህ ያዘኝ። ያን ማታ ቁጭ ብዬ ፎልደሩን እየተከታተለ ፋይል በተቀየረ ቁጥር ሪሎድ የሚያደርግ ኮድ ጻፍኩ። ሃያ መስመር አይሞላም። ሞከርኩት፣ ሠራ። ፕለጊኑን አስተካክዬ አስገባሁና ደስ ብሎኝ ተኛሁ።

ያላየሁት ነገር ይህ ነበር። ፕለጊኑ ውስጥ ፔይመንት የሚባል ክላስ አለ። ክፍያዎችን የሚቀበለው ሌላ ፋይል ይህን ክላስ ገና ሲነሳ በ«ፍሮም ኢምፖርት» ወስዶታል። ስለዚህ ከሪሎዱ በኋላም የሚፈጥራቸው ክፍያዎች በሙሉ የአሮጌው ክላስ ነበሩ። ፕለጊኑ ውስጥ ያለው ፈንክሽን ግን ታድሷል፤ የሚያውቀው አዲሱን ፔይመንት ብቻ ነው። እያንዳንዱን ክፍያ «የዚህ ክላስ ነህ?» ብሎ በሚያጣራው በኢዝኢንስታንስ ይጠይቃል፣ ፎልስ ይመለስለታል፣ «ያልታወቀ ዓይነት» ብሎ ይዘለዋል። ኤረር የለም። መዝለሉን የሚገልጸው ሎግም ዝቅተኛ በሆነው በዲበግ ደረጃ ስለነበር ማንም አላየውም።

ሁለት ቀን ሙሉ አንድም ክፍያ አልተመዘገበም።

ሳጣራ ያየሁትን ልብ በልልኝ፤ አንተም ያጋጥምሃልና። የኦብጀክቱን ዓይነት ፕሪንት አደረግኩ፤ ፔይመንትስ ዶት ፔይመንት አለ። ፈንክሽኑ የሚጠብቀውን ክላስ ፕሪንት አደረግኩ፤ ፔይመንትስ ዶት ፔይመንት አለ። ፊደል በፊደል አንድ ናቸው። ኢዝኢንስታንስ ግን ፎልስ። አንድ ሰዓት ያህል ዓይኔን ማመን አቃተኝ። በመጨረሻ የሁለቱንም ክላሶች አይዲ፣ ፓይተን ለእያንዳንዱ ነገር የሚሰጠውን መለያ ቁጥር፣ ሳወጣ ቁጥሮቹ ተለያዩ። አንድ ስም ያላቸው ሁለት ክላሶች አንድ ፕሮግራም ውስጥ አብረው ይኖሩ ነበር። የሁለቱን ቀን ክፍያ ከሎግ እየለቀምን በእጅ ስናስገባ ቅዳሜና እሁዳችን አለቀ። ባልደረቦቼ ምንም ሳያጠፉ አብረውኝ አደሩ። ሰው መበደሌ እስካሁን ያሳዝነኛል።

3. ታዲያ ምን ይሻላል? ፕለጊኑን በሌላ ፕሮሰስ፣ ማለትም ለብቻው በሚሠራ ሌላ ፕሮግራም፣ ውስጥ ጫነው። ዋናው ፕሮግራምህ ፕለጊኑን ፈጽሞ ኢምፖርት አያድርግ። አንድ ልጅ ፕሮሰስ ያስነሳ፣ ልጁ ይጫነው፣ ሥራውን ይሥራ። ፋይሉ ሲቀየር ልጁ በእጁ ያለውን ጨርሶ ይዘጋ፣ አዲስ ይነሳ። አዲሱ ባዶ እጁን ስለሚጀምር አሮጌ ክላስ የሚባል ነገር አይኖርም። እኔ ከዚያ በኋላ ያደረግኩት ይህን ነው። ድርጅቱን እስክለቅ ድረስ ዋናው ፕሮግራም በፕለጊን ምክንያት አንዴም አልተዘጋም፤ ያ ቢሮ ድረስም አንዴም አልሄድኩም። ይህን ስናገር እኮራለሁ።

እዚህ ላይ ግን ሁለት ነገር ተጠንቀቅ። ፕሮሰስ የሚያስነሳልህ የፓይተን ሞጁል መልቲፕሮሰሲንግ ልጁን በፎርክ፣ ማለትም አባቱን እንዳለ በመቅዳት፣ ከፈጠረው፣ ልጁ የአባቱን ሲስ ዶት ሞጁልስ ወርሶ ነው የሚወለደው። ዋናው ፕሮግራም በአጋጣሚ ፕለጊኑን ነክቶት ከሆነ ልጁም አሮጌውን ይዞ ይነሳል። ሊኑክስ ላይ እስከ ፓይተን 3.13 ድረስ ካልቀየርከው የሚሠራው በፎርክ ነው። ስለዚህ ልጁን ከባዶ የሚያስነሳው ስፖውን መሆኑን ራስህ ጻፍለት። ሁለተኛ፣ በሁለቱ ፕሮሰሶች መሃል ተራ ዲክሽነሪና ጽሑፍ ብቻ ይለፍ። የፕለጊኑን ኦብጀክት ወደ አባቱ ከላክህ፣ አባቱ ኦብጀክቱን ለመፍታት ብሎ ፕለጊኑን ኢምፖርት ያደርገዋል፤ ልፋትህም ገደል ገባ።

4. ሌላ ፕሮሰስ የማይሆንልህ ከሆነ ሪሎድን ትተህ እያንዳንዱን ቅጂ በአዲስ ስም ጫነው። ኢምፖርትሊብ ውስጥ ባለው ስፔክ ፍሮም ፋይል ሎኬሽን በሚባል ፈንክሽን ስም መስጠት ትችላለህ፤ ለምሳሌ ታክስ_1፣ ታክስ_2 እያልክ። ኮዱን ከማስኬድህ በፊት ሞጁሉን ራስህ ሲስ ዶት ሞጁልስ ውስጥ አስገባው። እኔ ይህን ረስቼ ዳታክላስ (መረጃ ለመያዝ ብቻ የሚጻፍ ክላስ) ያለበት ፕለጊን «ኖንታይፕ ዲክት የለውም» የሚል ኤረር ሲሰጠኝ ግማሽ ቀን ዳታክላሱን ስወቅስ ዋልኩ። ጥፋቱ የኔ ነበር። አሮጌዎቹ ቅጂዎች ሚሞሪ ውስጥ እንደሚከማቹም አትርሳ፤ በቀን አንዴ ለሚቀየር ፕለጊን ችግር የለውም፣ በየደቂቃው ለሚቀየር ግን አይሆንም።

5. ፕሮግራሙ ከተነሳ በኋላ የተፈጠረ ፋይል አልገኝ ካለህ ፓይተን የያዘውን የፋይሎች ዝርዝር የሚያስጥለውን የኢምፖርትሊብ ፈንክሽን ኢንቫሊዴት ካሽስን ጥራ። ቴስት ስትጽፍ ደግሞ ይህን ያዝ፤ ፓይተን ተተርጉሞ የተቀመጠው የኮዱ ቅጂ፣ ፓይሲ ፋይል፣ ጊዜው አልፎበት እንደሆነ የሚያውቀው በዋናው ፋይል መጠንና በተቀየረበት ሰዓት ነው፤ ሰዓቱንም የሚቆጥረው በሰከንድ ነው። የኔ ቴስት 0.15 የሚለውን በ0.18 ይተካል። መጠኑ አልተለወጠም፣ ሰከንዱም ያው ነው፤ ፓይተን አሮጌውን አስኬደው። ቴስቱ አንዴ ያልፋል፣ አንዴ ይወድቃል። ፓይሲ ፋይል እንዳይጻፍ የሚያደርገውን የሲስ ቅንብር፣ ዶንት ራይት ባይትኮድን፣ ትሩ ሳደርገው ጸጥ አለ።

6. ኢምፖርቱን በትራይ ስትከበው ኢምፖርት ኤረርን ዝም ብለህ አትዋጠው። ፕለጊኑ ራሱ ጠፍቶ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ፕለጊኑ አለ፣ እሱ የሚፈልገው ላይብረሪ ነው የጠፋው። ኤረሩ ላይ ያለውን ኔም፣ ማለትም ያልተገኘውን ሞጁል ስም፣ ተመልከትና ለይ። የፕለጊኑ ስም ከተጠቃሚ የሚመጣ ከሆነም ከተፈቀዱ ስሞች ዝርዝር ጋር ሳታመሳክር አትጫን። ኢምፖርት ማድረግ ኮዱን ማስኬድ ነው።

ፕለጊኖችህ የዳታቤዝ ግንኙነት ከፍተው የሚይዙ ከሆነ ልጁ ሲዘጋ እንዴት እንደሚለቁት አስቀድመህ አስብበት። እዚያ ላይ ከተቸገርክ የምታስነሳበትን የኮድ ክፍል እዚሁ ለጥፈው፣ ማታ ማታ አለሁ።