መልስ፦ ማክፊውዝ ኤም1 ማክ ሚኒ ላይ «ሲስተም ኤክስቴንሽን ብሎክድ» እያለኝ አልጫን አለ

ማክፊውዝን (ማኩ በራሱ የማይሠራባቸውን የዲስክ ዓይነቶች እንዲጠቀም የሚረዳውን ሶፍትዌር) እያጠፋህ ደጋግመህ መጫኑን ተወው፣ ችግሩ ሴኩሪቲ ሴቲንጉ ነው። ከኤም1 (የአፕል የራሱ ቺፕ) ጀምሮ ያሉት ማኮች ማክፊውዝ የሚፈልገውን ከርነል ኤክስቴንሽን (የሲስተሙ እምብርት ውስጥ ገብቶ የሚሠራ ተጨማሪ ፕሮግራም) ዘግተው ነው የሚመጡት፣ መጀመሪያ አንተ ራስህ መፍቀድ አለብህ።

1. ማኩን አጥፋና ፓወሩን ተጭነህ ያዝ፣ ኦፕሽንስ የሚለው እስኪመጣ እንዳትለቀው። በሱ ግባ፣ የአድሚን ፓስወርድ ይጠይቅሃል።
2. ከላይ ዩቲሊቲስ ውስጥ ስታርትአፕ ሴኩሪቲ ዩቲሊቲን ክፈት፣ ሪዱስድ ሴኩሪቲን ምረጥና ስለ ከርነል ኤክስቴንሽን የሚለውን ሳጥን ቲክ አድርግ።
3. ሪስታርት አድርገህ ማክፊውዝን ጫን፣ ከዛ ሲስተም ሴቲንግስ ውስጥ ፕራይቨሲ ኤንድ ሴኩሪቲ ገብተህ ወደ ታች ውረድና አላው በለው፣ እንደገና ሪስታርት።

ደንበኞች የሚያመጡት የዊንዶውስ ሃርድ ዲስክ ላይ መጻፍ ነው የፈለግኩት ብለሃል፣ ለሱ ማክፊውዝ ብቻውን ምንም አያደርግልህም፣ እሱ መሠረቱ ነው፣ ኤንቲኤፍኤስ ስሪጂ (ኤንቲኤፍኤስ በሚባለው የዊንዶውስ ዲስክ ፎርማት ላይ የሚጽፍልህ ሶፍትዌር) ከላዩ መጫን አለበት፣ ብዙ ሰው እዚህ ጋ ነው የሚቀረው።

አንድ ነገር ግን አደራ። ሱቅህ ፒያሳ ነው ካልክ መብራቱን ታውቀዋለህ፣ ማክ ሚኒ ደግሞ ባትሪ የለውም። ፋይል እየገለበጥክ መብራት ከጠፋ ዲስኩ ሊበላሽ ይችላል፣ የማኩ ዲስክ ዩቲሊቲ ደግሞ ኤንቲኤፍኤስ አይጠግንም፣ ዊንዶውስ ፈልገህ ቼክዲስክ (የዊንዶውስ የራሱ ዲስክ መጠገኛ) ማስኬድ ነው ዋናው አማራጭ። ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጊዜው የሚይዝልህ ባትሪ) ሳይኖርህ የሰው ዲስክ ላይ አትጻፍ፣ የሰው የሠርግ ፎቶ ሌላ ኮፒ ላይኖረው ይችላል።