ጀግናችሁ የከተራ ማታ የት ነበር?

ልጆቼ፣

«ጋሼ፣ በሐሰት በግድያ የተከሰሰው ልዕለ ጀግናችን ቢሸሽ ሕጉ ምን ይለዋል?» ብላችሁኛል። ንጹሕ ሆነው ሸሽተው የተፈረደባቸውን ሰዎች ነገር ስለቀሰቀሰብኝ ትንሽ ላርዝመው። በሥዕል የምትተርኩት ታሪካችሁ በ2000 ዓ.ም. ስለሆነ የምጠቅሰውም የያኔውን ሕግ ነው።

ሥዕሉ ግሩም ነው፤ ሩጫው ግን በዝቷል። የዛሬ ልጆች ጣሪያ ለጣሪያ መዝለሉን ትወዱታላችሁ እንጂ ነገሩ ያለው ጭምብሉ ላይ ነው። ሟቹ በተገደለበት ሰዓት ጀግናው ፋሲል መዋኛ ውስጥ የወደቀ ሕፃን እያወጣ ነበር። የከተራ ሕዝብ ሁሉ አይቶታል። ዓቃቤ ሕጉ ግን እያንዳንዱን የመከላከያ ምስክር «ፊቱን አይተሃል?» ይለዋል። ማንም አላየም። የከሳሽ ምስክሮችም ቢሆኑ ገዳዩ ላይ ያዩት ጭምብል ብቻ ነው፤ ጠበቃውም ያንኑ ጥያቄ ይመልስባቸዋል። ጀግናው ግን «ባለ ጭምብሉ እኔ ነኝ» ያለ ለታ ዓቃቤ ሕጉ ያጣውን ማስረጃ በገዛ አፉ ሰጠው። ዝም ካለ ደግሞ መዋኛው ጋ መኖሩን የሚያስረዳለት የለም።

መውጫው አንዲት ሴት ናት፤ የሕፃኑ እናት። ጭምብሉ ረጥቦ አላስተነፍስ ሲለው ገለጥ ሲያደርገው ቅንድቡ ላይ ያለውን ጠባሳ አይታለች። ለጥምቀት ከደምቢያ የመጣች ናት፤ በማግስቱ ትመለሳለች። ስሟንና ቀበሌዋን የመዘገበ ከሌለ በሁለተኛው ሳምንት ማን ያገኛታል? እሱ ስሜን ተራራ ላይ በሶ ሲበጠብጥ ማስረጃው አገሩ ገባ።

ከተያዘ በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቀርባል፤ የመንገዱ ጊዜ አይታሰብም። ፖሊስ በየቀጠሮው ከ14 ቀን ያልበለጠ ጊዜ ይጠይቅበታል። ቃል አልሰጥም የማለት መብት አለው። ክሱ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 539፣ ከባድ የሰው ግድያ ከሆነ ቅጣቱ ዕድሜ ልክ ወይም ሞት ነው፤ ዋስትናም አያገኝም። ከሸሸ በጋዜጣ ይጠራል፤ ካልቀረበ በሌለበት ይፈረድበታል። ፍርዱን ባወቀ በ30 ቀን ውስጥ ይነሣልኝ ብሎ ማመልከት ይችላል፤ ግን መጥሪያ አልደረሰኝም ወይም ከአቅሜ በላይ የሆነ ነገር አጋጠመኝ ብሎ ማስረዳት አለበት። እያወቀ የሸሸ ሰው ምን ብሎ ያስረዳል? ስለዚህ አይሽሽ።

ድሮ ቢሆን እዚያው ጎንደር፣ የመነኮሳቱ አለቃ የእጨጌው ሰፈር ወደሆነው እጨጌ ቤት ገብቶ ይማጸን ነበር፤ ያ ሰፈር ነፍሰ ገዳይ እንኳ የሚጠጋበት ነበር። ሌላ ዘመን ብትመርጡ ይህ ብቻ መጽሐፍ ይወጣዋል።

አይሽሽ አልኩ እንጂ ደም መላሾች ደጁ ከቆሙስ? ይሽሽ፤ ሽሽቱ ግን ወደ ፖሊስ ጣቢያ ይሁን፤ በቀን፣ ከሽማግሌዎች ጋር። የግድ ስሜን ይውጣ ካላችሁም ሌሊት የሚያነደውን እሳት አጥፉት፤ ከሩቅ ይታያል። የሚያስይዘው ደግሞ አሳዳጁ ሳይሆን ስንቅ የሚያቀብለው ዘመዱ ነው፤ ፖሊስ የሚከተለው እሱን ነው። የእናትየዋን ገጽ ሥላችሁ ላኩልኝ።