ኢነሚ ስኪል የማይማርልሽ ጠላቱን ቶሎ ስለምትገድዪው ነው

ፋይናል ፋንታሲ 7 የሚባለውን የቪዲዮ ጌም ለማያውቅ፦ ማቴሪያ ተዋጊዎቹ (ክላውድ፣ ባሬት፣ ቲፋ) የሚታጠቁት የአስማት ዕንቁ ነው፤ ኢነሚ ስኪል ደግሞ የጠላትን ልዩ ጥቃት ወይም አስማት (ስኪል) የሚማረው ዓይነት ነው። ከሃዋሳ የጻፈችልኝ አንዲት አንባቢ እንዲህ ትላለች። «ፋይናል ፋንታሲ 7ን ስልኬ ላይ እየተጫወትኩ ነው። ኢነሚ ስኪል የሚባለውን ማቴሪያ ክላውድ ላይ አድርጌ ሳምንት ሙሉ ስዋጋ ከረምኩ። የተማርኩት ማትራ ማጂክን ብቻ ነው። ጁኖን አካባቢ ያለው ወፍ ዋይት ዊንድ ይሰጣል ሲሉኝ ከሃያ በላይ ገደልኩ፤ ምንም የለም። ሙ የምትባለዋ አይጥም እምቢ አለችኝ። ማኒፑሌት አለኝ፣ ግን ለምን እንደሚሆን አልገባኝም። ክላውድ ሌቭል 27 ነው፣ ባሬት 25፣ ቲፋ 24። ማቴሪያዬ ተበላሽቶ ይሆን?»

አልተበላሸም እህቴ። እኔ እንጀራዬ የጌም ማሽንና ጆይስቲክ መጠገን ነው። «ተበላሸ» ተብሎ ከሚመጣልኝ ዕቃ ስንቱ ደህና ሆኖ እንደሚመለስ ብነግርሽ ትስቂያለሽ። ያንቺም ነገር እንደዚያው ነው። ችግሩ ጎበዝ ተዋጊ መሆንሽ ነው። ወፉን ከሃያ ጊዜ በላይ ገደልሽው እንጂ አንድም ቀን እንዲመታሽ ዕድል አልሰጠሽውም።

ይህ ማቴሪያ በመግደል አይማርም፤ በመመታት ነው የሚማረው። ማቴሪያውን የያዘው ሰው ራሱ በዚያ ስኪል መነካት አለበት። ጎኑ የቆመው ጓደኛው ተመትቶ እሱ ከተረፈ አይቆጠርም። ጠላት ወርውሮ ከሳተውም አይቆጠርም። በ1994 እ.ኤ.አ. በወጣው የፋይናል ፋንታሲ 6ኛው ክፍል ላይ ስትራጎ የሚባል ሽማግሌ አለ፤ እሱ ጠላት ሲያደርገው ማየት ብቻ ይበቃዋል። ከዚያ ጌም የመጣ ሰው 7ኛው ላይ ሲቸገር ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። እዚህ ማየት ዋጋ የለውም።

ማትራ ማጂክን እንዴት እንዳገኘሽው አስቢ። ከሚድጋር ወጣ እንዳልሽ ያለው ከስተም ስዊፐር የሚባለው ማሽን ራሱ ይተኩስብሻል፤ ሚሳይሉ ደግሞ ሦስታችሁንም ነው የሚመታው። ያኔ ደካማ ስለነበርሽ ቶሎ አልገደልሽውም። ስለዚህ ሳታስቢው ተማርሽ።

ዋይት ዊንድ ግን ሌላ ዓይነት ነው። ፈውስ ነው። የትኛው ጠላት ነው አንቺን የሚፈውስሽ? ማኒፑሌት የሚባለው ማቴሪያ የሚያስፈልግሽ እዚህ ላይ ነው። ጠላቱን ይዘሽ በራስሽ ፈቃድ ታዢዋለሽ፤ ስኪሉን ወደ ራስሽ ወገን እንዲያዞር ታደርጊዋለሽ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ማኒፑሌትን ቲፋ ላይ አድርጊው፣ ኢነሚ ስኪልን ባሬት ላይ። ጁኖን አካባቢ ሣሩ ላይ ተመላለሺ፣ ዘምዘለት የሚባለው ወፍ እስኪመጣ። ከአንድ በላይ ከሆኑ ሌሎቹን ግደዪና አንዱን አስቀሪ። ከዚያ ቲፋ ማኒፑሌት ትሞክር። መጀመሪያ ላይ ሊከሽፍ ይችላል፣ ደጋግሚ። ሂፕኖክራውን የሚባለው ጌጥ ካለሽ አድርጊላት፣ የመያዝ ዕድሉን ከፍ ያደርገዋል። ወፉ ከተያዘ በኋላ የቲፋ ተራ ሲደርስ የወፉ ስኪሎች ዝርዝር ይወጣልሻል። ዋይት ዊንድን ምረጪ። አሁን ጣትሽን ያዢ! ጠቋሚው ጠላት ላይ ከቆመ ወደ ራስሽ ሰዎች አዙሪው። ብዙ ሰው እዚህ ጋ በችኮላ ይነካውና ወፉ ራሱን ፈውሶ ያርፋል።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ወፉን ይዘሽው ሳለ ክላውድ በሰይፍ ከመታው መያዙ ይለቃል። ስለዚህ ሌሎቹ ሁለቱ እጃቸውን ይሰብስቡ። ዲፌንድ (መከላከል) አድርገው ይቁሙ።

ስታገኚው ታዲያ አጠቃቀሙን እወቂበት። ዋይት ዊንድ የሚፈውሰው አድራጊው በዚያ ሰዓት ባለው ኤችፒ (የሕይወት ነጥብ) ልክ ነው። ባሬት ጠግቦ ሳለ ካደረገው ቡድኑ በሙሉ ይነሳል። ራሱ ሊሞት ሲል ካደረገው ግን ከቀረችው ጥቂት ኤችፒ ሌላ ምን ይሰጣል? 34 ኤምፒ (የአስማት ነጥብ) ነው የሚበላው፣ ለእንዲህ ያለ ጥቂት ፈውስ ብለሽ አታባክኚ።

በዚሁ ዘዴ ቢግ ጋርድን ውሰጂ። ለእኔ ከ24ቱ ስኪሎች ሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው፤ የሚከራከረኝ ካለ ይምጣ። ባሪየር (ከምት የሚከላከል)፣ ማጂክ ባሪየር (ከአስማት የሚከላከል) እና ሄስት (የሚያፈጥን) በአንድ ጊዜ ለሦስቱም ይሰጣል። 56 ኤምፒ ይጠይቃል፣ ውድ ነው፣ ግን ቦስ (ዋና ከባድ ጠላት) ፊት የመጀመሪያ ተራሽን እሱ ላይ ብታውዪው አትጸጸቺም። የሚገኘው ቢችፕለግ ከሚባለው ፍጥረት ነው፣ በኮስታ ዴል ሶል በኩል ባለው የባሕር ዳር አሸዋ ላይ። አሸዋው ላይ ራሱ ሩጪ፣ ሣሩ ላይ አይመጣም። ይዘሽ ወደ ራስሽ ወገን አዙሪው። አለቀ።

ወደ ሙ እንምጣ። የእሷ ስኪል ኤል 4 ሱሳይድ ነው። ስሙ ላይ ያለው 4 ለጌጥ የገባ አይደለም። የሚነካው ሌቭሉ ለ4 የሚካፈል ሰውን ብቻ ነው። ክላውድ 27 ነው፣ አይነካውም። ባሬት 25 ነው፣ አይነካውም። ቲፋ ግን 24 ናት! ስለዚህ ዛሬውኑ፣ ሌቭል ሳትጨምር፣ ማቴሪያውን ከክላውድ አውርደሽ ለእሷ ስጫት። አትፍሪ፣ የተማርሽው ማትራ ማጂክ አይጠፋም። ትምህርቱ የሚቀመጠው ማቴሪያው ውስጥ እንጂ ሰውየው ጭንቅላት ውስጥ አይደለም፤ ከሰው ሰው ብታዘዋውሪው ይከተላል። ቾኮቦ ፋርም አጠገብ ያለው ሣር ላይ ሙን ፈልጊና ሳትነኪያት ጠብቂ። ስትመታት ቲፋ ኤችፒዋ አፋፍ ላይ ደርሶ ትንሽዬ ሆና ትቀራለች። አትደንግጪ፣ ተማረች ማለት ነው። ቶሎ ፈውሻትና ጨርሺ።

ባጊዋ (መኪናዋ) ካለችሽ ወደ ጁኖንና ቾኮቦ ፋርም በኩል ለመመለስ አትቸገሪም። እሷን እየነዳሽ ኮስታ ዴል ሶል ግቢ፣ መርከቡን ያዢ፣ ጁኖን ስትወጪ መኪናዋ አብራሽ ትወጣለች። ይህን ሳላውቅ ስንት ጊዜ በእግሬ እንደተንከራተትኩ አልነግርሽም።

እዚያ ከደረስሽ አይቀር ረግረጉ ላይ ያለውን ሚድጋር ዞሎም ጎብኚው። ቤታ የሚባለው ስኪል ከእሱ ነው የሚገኘው። ግዙፍ እባብ ነው፣ ኤችፒው 4,000። መጀመሪያ ዝም ብሎ ይነክሳል። ስትጎጂው ቀጥ ብሎ ይቆምና ከሰዎችሽ አንዱን ጠርጎ ከውጊያው ያስወጣዋል። ያ ሰው አይመለስም። ከዚያ ቤታ ይመጣል፦ ስክሪኑ ቀይ ይሆናል፣ እሳቱ ከታች ይፈነዳል፣ የጉዳቱ ቁጥሮች በቀሩት ሰዎችሽ ላይ በአንዴ ብቅ ይላሉ። ያኔ ልብሽ ቀጥ ይላል። ቤታ እሳት ስለሆነ ኢለመንታልና ፋየር የሚባሉትን ማቴሪያዎች በተያያዙ ሁለት ቀዳዳዎች ትጥቁ ላይ አድርጊ፣ ጉዳቱ በግማሽ ይወርዳል። ትጥቁ ላይ ነው ያልኩት፤ መሣሪያው ላይ ካደረግሽው ቡጢሽ ይነድዳል እንጂ አይከላከልልሽም። ጥምሩ ያለው ሰው ኢነሚ ስኪልንም ይያዝ። ጠርጎ ያወጣው ሰው እሱ ራሱ ከሆነ ግን ሌላ ማድረግ የሚቻል የለም፣ ከሴቭሽ እንደገና ጀምሪ። ሴቭ ሳታደርጊ እንዳትገቢ። እኔ በፕሌይስቴሽን 1 ዘመን ቤታን ተምሬ፣ ተነስቼ ጨፍሬ፣ ሴቭ ሳላደርግ መብራት ሄደ። እናቴ ሻማ ስትፈልግ እኔ እያለቀስኩ ነበር።

ዕድለ ቢስነትን የሚቀንሰው ሁለተኛ ማቴሪያ መያዝ ነው። በጌሙ ውስጥ አራት ኢነሚ ስኪል አለ፤ ሁለተኛው እዚያው ጁኖን ነው ያለው። ካላነሳሽው ፈልጊው። ግን አንዱ የተማረውን ሌላው አያውቅም፣ እያንዳንዱ ለየራሱ መመታት አለበት። ስለዚህ ሁለቱን ለሁለት ሰው ስጪ። ቢግ ጋርድና ቤታ መላውን ቡድን ስለሚነኩ በአንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ ነው። ማቴሪያው በኤፒ (ውጊያ ሲሸነፍ ማቴሪያ የሚያገኘው ነጥብ) እንደሌሎቹ አያድግም፤ ኮከቦቹ የሚበሩት በተማረው ብዛት ነው። ስለዚህ ስንት ውጊያ ብታሸንፊ ኮከቡ አይነቃነቅም፣ አንቺን ያሳሰበሽም ይኸው ይመስለኛል።

ከፊትሽ ሁለት ቦታ ላይ ተጠንቀቂ። ማውንት ኒቤል ላይ ማቴሪያ ኪፐር የሚባል ቦስ አለ፤ ትራይን የሚባለውን የመብረቅ ስኪል ይወረውራል። እስኪያደርገው ድረስ አትግደዪው። ቢያመልጥሽ ዉታይ ላይ ጎዶ ከሚባለው ጠላት ጋር ስትዋጊ ሌላ ዕድል አለ።

ሁለተኛው ከዚያ የከፋ ነው። ኖርዘርን ክሬተር ውስጥ ድራጎን ዞምቢ የሚባል አለ። መጀመሪያ የገደልሽው ሲሞት ፓንዶራስ ቦክስ የሚባለውን ስኪል ይለቅብሻል። በጌሙ ሙሉ አንድ ጊዜ ብቻ። ሌላ ዞምቢ ብትገድዪ አይደግመውም። ስለዚህ ወደዚያ ጉድጓድ ከመውረድሽ በፊት ያሉሽን ኢነሚ ስኪሎች በሙሉ አብረውሽ ለሚወርዱት ሰዎች አስታጥቂ፣ ሴቭ አድርጊ፣ ከዚያ ውረጂ።