ፋይሉ አልተበላሸም፤ ፎንቱን ብቻ እንዳይነኩት

አንድ የእድር ጸሐፊ እንዲህ ሲሉ ጠይቀዋል፦ «ከ1991 እስከ 1997 ዓ.ም. የተጻፈው ቃለ ጉባኤና የአባላት መዝገብ በድሮ ኮምፒውተር ላይ ነበር። ልጄ ወደ አዲስ ላፕቶፕ ገለበጠልኝ። ስከፍተው ግን የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ዝብርቅርቅ ነው። ልጄ ቫይረስ ነው፣ እንደገና ይተየብ ይላል። 140 ገጽ ነው። ሌላ መላ የለውም?»

አለው ጋሼ። ቫይረስም አይደለም። ብቻ ይህን አንብበው ሳይጨርሱ ማንም ያንን ፋይል «ሴቭ» እንዳያደርገው። ዋናውን በፍላሽ ያስቀምጡና በኮፒው ይሥሩ።

ኮምፒውተር የሚያስቀምጠው ፊደል ሳይሆን ቁጥር ነው። ቁጥሩን ወደ ምስል የሚለውጠው ፎንቱ ነው። ያኔ አንድ ፎንት ቢበዛ 256 ቦታ ነበረው፤ ከዚያም ላይ የተያዘ አለ። የኛ ፊደል ደግሞ 33 በ7 ሲባዛ ብቻውን 231 ነው። እነ ሏ፣ ቷ፣ ኳ፣ አኃዙና ነጥቡ ሲጨመሩ የት ይገባሉ? ስለዚህ የፎንት ሠሪዎቹ በእንግሊዝኛው ቦታ ላይ የአማርኛ ምስል አለበሱ። አልበቃ ሲላቸውም ፊደሉን ለሁለትና ከዚያ በላይ ፎንት አከፋፈሉት። እርስዎ ሲተይቡ ፕሮግራሙ ሳያዩት ከአንዱ ፎንት ወደ ሌላው ይዘል ነበር። በአንደኛው «መ» የሆነው ቁጥር በሌላኛው ጭራሽ ሌላ ፊደል ሊሆን ይችላል። አዲሱ ላፕቶፕ ፎንቶቹ ስለሌሉት ከሥር ያለውን ላቲን ያሳይዎታል።

ዝብርቅርቁ ላይ አንዴ ጠቅ ያድርጉና ወርድ ላይ የፎንት ስም የሚጻፍበትን ሳጥን ይዩ። ያኔ አማርኛ ይተየብባቸው የነበሩት ፕሮግራሞች፣ የቪዥዋል ግዕዝ ወይም የፓወር ግዕዝ፣ የድሮ ፎንት ስም ካገኙ እልል ይበሉ። ከድሮው ኮምፒውተር የፎንት ፎልደር ውስጥ የዚያን ቤተሰብ ፎንቶች በሙሉ፣ አንድም ሳይቀር፣ ገልብጠው ላፕቶፑ ላይ ይጫኑ። ጽሑፉ ይመለሳል።

ሁሉም ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ጽሑፉን በሙሉ መርጦ ፎንቱን እንደ ናያላ ወይም አቢሲኒካ ወዳለ አዲስ የአማርኛ ፎንት መቀየር! ላቲኑ ላቲን ሆኖ ይቀራል፤ የትኛው ፊደል ከየትኛው ፎንት እንደመጣ የሚናገረው ስም ግን ይጠፋል። ኖትፓድ ላይ መለጠፍም ያው ነው። እኔ ጀማሪ ሳለሁ የአንድ ደንበኛ 60 ገጽ በዚህ መንገድ አበላሽቼ ሦስት ሌሊት ቁጭ ብዬ ተይቤያለሁ።

ከዚያ በኋላ ወደ ዩኒኮድ፣ ማለትም ለዓለም ቋንቋዎች ፊደል የጋራ ቁጥር ወደሚሰጠው ሥርዓት፣ መቀየር ነው። ዩኒኮድ የግዕዝን ፊደል የተቀበለው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቁጥር አለው፤ ሀ 1200፣ ሁ 1201፣ ሂ 1202 እያለ ይሄዳል። ስልክ ላይም ቢሆን ቁጥሩ ያው ነው። የሚቀይሩ ፕሮግራሞች አሉ፤ ፎንት በፎንት እያነበበ የሚቀይረውን ይምረጡ። ሲጨርሱ የድሮውን አትመው ጎን ለጎን ያስተያዩ። በተለይ የመዋጮውን ቁጥር! ፊደል ቢሳሳት ተስቆ ይታለፋል፤ ብር ቢሳሳት ግን እድር ይፈርሳል።

አባል ሲፈልጉም ይጠንቀቁ። «ፀሐይ» ብለው ቢፈልጉ «ጸሀይ» ተብላ የተመዘገበችው አትመጣም። ለእኛ አንድ ድምፅ ነው፤ ለኮምፒውተሩ ጸ 1338፣ ፀ 1340 ነው። የሰው ስም ስለሆነ አጻጻፉን አይቀይሩት፤ በሁሉም መልክ ይፈልጉት። አራት ነጥብም እንዲሁ ነው፦ አንዱ «።» ሌላው ሁለት ጊዜ የተመታ «፡፡» ነው።

ከፋይሎቹ መሃል ባዶ ሳጥን ብቻ የሚያሳይ ካጋጠመዎ አይደንግጡ፤ አብዛኛውን ጊዜ የዩኒኮድ ፎንት ስለጎደለ ነው። በየፊደሉ ቦታ የጥያቄ ምልክት ከተደረደረ ግን ፊደሉ ሴቭ ሲደረግ ተጥሏል። ለዚያኛው ልጅዎ እውነቱን ነው፤ የወረቀቱን መዝገብ አውጥቶ መተየብ ነው።