የወለቀ ጥፍር ይበቅላል፤ ገመዱን ግን ይፍቱት

ደብዳቤው የመጣው ደሴ አጠገብ ካለው ከቦሩ ሜዳ ነው። «ሙክቴ ማታ ደህና ነበር። ጠዋት በረት ስገባ ካስማው ዙሪያ ደም በደም ሆኗል። የኋላ ግራ እግሩ አንደኛው ጥፍር ሙልጭ ብሎ ወልቋል። ጎረቤት ናፍጣ አፍስስበት አለኝ፤ አፈሰስኩበት። ልጄ ደግሞ ስልኩ ላይ እግሩ ተቆርጦ መልሶ የሚያበቅል እንስሳ አሳየኝ። የበግስ ይበቅላል ወይ? እንቁጣጣሽ ሦስት ሳምንት ቀረው፤ ምን ይሻለኛል?»

አብሽሩ ጋሼ፣ ይበቅላል።

መጀመሪያ የልጁን ነገር ልጨርስ፤ አልዋሸዎትም። ያሳየዎት ኒውት የሚባለውን ሳይሆን አይቀርም። እንሽላሊት ይመስላል እንጂ ዝምድናው ከእንቁራሪት ጋር ነው፤ እኛ አገር የለም። እግሩ ሲቆረጥ ቁስሉን ቶሎ ቆዳ ይለብሰዋል። ከዚያ ጫፉ ላይ እንቡጥ የመሰለ እብጠት ይወጣል። ከእሱ ውስጥ አጥንቱም፣ ጡንቻውም፣ ጣቱም ተሠርቶ በወራት ውስጥ እግር ይሆናል። በግ ይህ አልተሰጠውም። የእርስዎ ሙክት ግን እግሩን አላጣም፤ ያጣው ጥፍሩን ነው። ጥፍር እንደ እኛው የጣት ጥፍር ከላይ ወደ ታች ይበቅላል።

ለማረጋገጥ እግሩን ያንሱና ጸጉሩ የሚያልቅበትን፣ ጥፍሩ የሚጀምርበትን መስመር ይዩ። ዙሪያውን ቀለበት የመሰለ ለስላሳ ቦታ አለ። አዲሱ ጥፍር የሚወጣው ከእሱ ነው። ቀለበቱ ካልተቀደደ ነገሩ በእጅዎ ነው።

አሁን ወደ ምክንያቱ። ስለ ገመድ አንድ ቃል አልጻፉም። ግን «ማታ ደህና፣ ጠዋት ደም» ብለዋል፤ ደሙም ካስማው ዙሪያ ነው። የተጎዳውም አንድ እግር፣ ያውም አንድ ጥፍር ብቻ። በሽታ ቢሆን ቀናት ያነክስ ነበር፣ ይገማ ነበር፣ ሌላውም እግር ይነካ ነበር። እኔ የምገምተው በናይለን ገመድ እግሩን አስረውት አድሯል። ሌሊት ጅብ ሲጮህ ደንግጦ ዘለለ፤ ጥፍሩ ካስማው ሥር ባለው ድንጋይ መሃል ገባ፤ ገመዱ ጎተተው፤ በቃ። ክረምቱ ደግሞ አግዞታል። ሳምንታት ጭቃ ውስጥ የቆመ ጥፍር ውሃ ጠጥቶ እንደ ተነከረ ቆዳ ይለሰልሳል። በበጋ የማይወልቀው በነሐሴ ይወልቃል።

ይህን እግር የማሰር ነገር እስከ መቼ ነው የምናገረው? ከኩታበር እስከ ገራዶ ያየሁት ቁስል ቢቆጠር ግማሹ የናይለን ገመድ ሥራ ነው። አንገቱን በማይጠብቅ ቋጠሮ ይሰሩት። የሚዘጋ በር ካለዎት ደግሞ ከነጭራሹ አይሰሩት።

ናፍጣውም ላይ አንድ ነገር ልበል። ዝንብ ያባርራል፤ እሱ እውነት ነው። ግን አሁን የተጋለጠው ቀይ ሥጋ መርገጫውን ጥፍር የሚሠራው ራሱ ነው። ናፍጣ ያንን ያቃጥለዋል። የባትሪ ውሃም፣ የጋለ ብረትም ያው ናቸው። ኒውት ቤታቸው የሚያሳድጉ ሰዎች እንኳ እግሩ ሲቆረጥ ዋናው ሥራቸው ውሃውን ንጹሕ አድርጎ መጠበቅ ነው። ሥጋው ሥራውን ያውቃል፤ እርስዎ ቆሻሻውን ያርቁለት።

እንግዲህ መድኃኒቱ ጨው ነው። አንድ ሊትር ውሃ ያፍሉ፣ ሁለት የሻይ ማንኪያ ጨው ይጨምሩ፣ እጅዎን የማያቃጥል ለብታ እስኪሆን ይጠብቁ። የመጀመሪያ ቀን ብቻ ናፍጣውን በሳሙና ቀስ ብለው ያስለቅቁ። ከዚያ የጨው ውሃውን በትንሽ ባልዲ አድርገው እግሩን አምስት ደቂቃ ይንከሩት። አንድ ሰው አንገቱን ይያዝልዎት፤ መጀመሪያ ይራገጣል፣ ሙቀቱ ሲደርሰው ዝም ይላል። ሲወጣ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅ ጠቅ እያደረጉ ያድርቁት፤ አይሹት።

ቀጥሎ ማሰሪያው። ያረጀ ነጠላ ቀድደው፣ ቀቅለው፣ ያድርቁ። ቁስሉ ላይ የሚያርፈውን ጨርቅ ቫዝሊን ይቀቡት፤ ሳይቀቡ ካሰሩ በማግስቱ ሲነሳ አዲሱን ሥጋ ይዞ ይነሳል። በሁለቱ ጥፍሮች መሃልም ትንሽ ጨርቅ ያስገቡ። ሲጠቀልሉ በጨርቁና በእግሩ መሃል ጣትዎ መግባት አለበት። በጣም ከጠበቀ ከላይ ያብጣል።

ውጭ የግድ ከወጣ ብቻ ከአሮጌ ከመነዳሪ ኪስ የመሰለ ጫማ ቆርጠው ያልብሱት። ሲመለስ ያውልቁ። ከመነዳሪ ውስጥ ያደረ እግር ያልበዋል፤ ያላበው ይበሰብሳል። መጀመሪያ ሦስት ቀን በየቀኑ፣ ከዚያ እስከ አሥረኛው ቀን በየሁለት ቀኑ ይጠቡና ማሰሪያውን ይቀይሩ።

ይህ ሁሉ የሚሠራው መኝታው ደረቅ ከሆነ ነው። በረቱን በሙሉ ማድረቅ በዚህ ዝናብ አይታሰብም፤ አንድ ጥግ ይበቃል። ጠፍጣፋ ድንጋይ ወይም ጣውላ ያንጥፉ፣ አመድ ይነስንሱ፣ ጭድ ያልብሱት። የረጠበውን ጭድ ጠዋት ጠዋት ይጥረጉ። ሙቀት ያለበት ኮምቦልቻ ቢሆኑ ዝንብና ትል የበለጠ ያሳስቡኝ ነበር። ለእርስዎ ግን ጠላትዎ ጭቃው ነው።

ከሳምንት እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ቀዩ ሥጋ ላይ ሰም የመሰለ ቢጫ ስስ ነገር ይለብሳል። እንዳይልጡት፤ መግል አይደለም፣ ጥፍር ነው። ከዚያ በኋላ ማሰሪያው ይቅር። ሙሉው ጥፍር ግን ጊዜ ይፈልጋል። በወር ግማሽ ሳንቲ ሜትር ገደማ ቢያድግ ነው፤ ስለዚህ ግማሽ ዓመት ይቁጠሩ። እስከዚያ በቀረው ጥፍር እየደገፈ ይሄዳል።

ከሸተተ፣ እስከ ጉልበቱ ድረስ ካበጠ፣ መኖ ከተወ፣ ወይም እግሩና መንጋጋው እንደ እንጨት ከደረቀ የቀበሌውን የእንስሳት ጤና ባለሙያ ይጥሩ። የመጨረሻው ቴታኖስ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ይሁን። ከሱቅ መርፌ ገዝተው ራስዎ አይውጉት።

እንቁጣጣሹን ይርሱት። የሚያነክስ በግ ደሴ ገበያ ይዘው ቢወጡ ደላላው እግሩን ሳይሆን እርስዎን ነው የሚያየው፤ በግማሽ ዋጋ ይነጥቅዎታል። እያበሉ ያቆዩት፤ ለገና ይደርሳል። መርፌ ከተወጋ ደግሞ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈው፣ ከመርፌ በኋላ ሥጋው የማይበላበት ቀን ሳይሞላ እንዳይታረድ ለገዢው ይንገሩ።

በአሥረኛው ቀን ልጅዎ በዚያው ስልኩ እግሩን ፎቶ አንስቶ ይላክልኝ። ጸጉሩና ጥፍሩ የሚገናኙበትን ቦታ፣ ጠጋ ብሎ፣ በቀን ብርሃን።